ለመደርደሪያው የሚበቃ መጽሐፍ

ሻለቃዋ የቀመሰችውን ሾርባ ሳትውጥ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ተፋችና ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ወረወረችው።

"ጨው! ምስሩ የታለ? ሽንኩርቱ የታለ? ጨው ብቻ! ይህን የጻፈ ሰው ምላስ የለውም!"

"የጻፈችው እህትሽ ናት" አለ ባሏ የማእድ ቤቱን በር ተደግፎ። "ምላስ እንዳላትማ አገር ያውቃል።"

"አንተ ደግሞ አሁን ቀልድ አማረህ!"

ባሏ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ቁጣዋን እንደ ሰፋ ቀሚስ በቀልድ ሊያጠብበው ይሞክራል። ዛሬ ግን አልጠበበለትም። ሻለቃ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት በሆስፒታሉ ማእድ ቤት በሥሯ ያገለግሉ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። እርሷ በቆመችበት ማእድ ቤት የድስት ክዳን ያለ ፈቃድ አይነሣም ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከዚያ ሁሉ ሥልጣን የተረፋት አንድ ግዛት ብቻ ነው፦ የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዙት የምግብ አሠራር መጻሕፍቷ።

ወደዚያ መደርደሪያ መጽሐፍ እንዲሁ አይገባም። ተገዝቶም ይምጣ ተበርክቶ፣ አስቀድሞ ይፈተናል። ሻለቃዋ ከውስጡ አንድ ምግብ ትመርጥና፣ አንዳች ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ ቃል በቃል እንደ ተጻፈው ታበስላለች። ምግቡ ካማረ መጽሐፉ ይገባል፤ ካላማረ ወደ መጣበት ይመለሳል። ልጇ የላከላትን፣ ገጹ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን መጽሐፍ እንኳ፣ ኬኩ በፎቶግራፉ ላይ እንጂ በምድጃዋ ውስጥ ኩፍ አልል ቢላት፣ ያለ ርኅራኄ መልሳለታለች። ሽፋን የሌላትን፣ ዘይት የጠጣች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ግን፣ ዓሣው ሳይደርቅና ሳይፈርስ እንደ ተባለው ስለ በሰለላት፣ ከሁሉ በላይ አክብራ አኑራታለች። ይህ ፍርድ በዘመድ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ይግባኝም የለውም።

ዛሬ ለፍርድ የቀረበው ታናሽ እህቷ ጽፋ ያሳተመችው መጽሐፍ ነው። ታናሺቱም ከሰዓት በኋላ መጥታ ውጤቱን ትሰማለች። ነገር ግን ሻለቃዋን ከጠዋት ጀምሮ ያንገበገባት ጨው አልነበረም፤ በመግቢያው ላይ የሰፈረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ "ምግብ ማብሰል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከድስት ጋር እየታገልሁ ራሴን አስተማርሁ።" እናታቸው ስትሞት ታናሺቱ ቁመቷ ለምድጃ እንኳ አይደርስም ነበር። በሣጥን ላይ እያቆመች ሽንኩርት አላላጥ ያሳየቻት ማን ሆነና!

"ሰው የለም!" አለች ሻለቃዋ መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ እየደፋች። "እኔ እንግዲህ ሰው አይደለሁም። ጉልቻ ነኝ!"

"እስቲ ሌላ ምግብ ሞክሪላት።"

"አንድ ምግብ፣ አንድ ፍርድ። ለልጄ ያልቀየርኩትን ለእሷ አልቀይርም።"

ይህን ስትል በልቧ አንድ የጨለመ ደስታ ተሰማት። መጽሐፉ ወድቋል፤ የወደቀውም በገዛ ጨዉ ነው፤ የገፋው የለም።

ሻለቃዋ በሩን እንደ ከፈተችላት የታናሺቱ ዓይን ቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄደ።

"እንዴት ዋልሽ እትዬ? ገባልኝ?"

"ቅመሺ" አለቻት ሻለቃዋ ሰላምታውን ሳትመልስ።

ታናሺቱ ወደ ማእድ ቤት ገብታ ቀመሰች፤ ፊቷም ተኮማተረ። "ውይ! ይሄ የኔ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ? የጎረቤት ነው? መጽሐፉ ይኸው፣ ገጹ ይኸው! ለነገሩ ያስተማረሽ ሰው እንደሌለ ያስታውቃል!"

ታናሺቱ ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ነገሩ የት ጋ እንዳለ ገባት።

"እሺ፣ ወደሱ እንመጣለን። መጀመሪያ ጨው ስንት ጨመርሽ?"

"የጻፍሽውን ነዋ! አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አናቱ በቢላ ተስተካክሎ፣ ውሃው ሲፈላ።"

"ከዛስ? ልታወርጂው ስትይ?"

"ልታወርጂው ስትይ ምን? እሳቱን አጠፋሁ፣ ክዳኑን..."

ሻለቃዋ ወደ ምድጃው ተመለከተች። የጨው ዕቃው ክዳኑ ተከፍቶ ከምድጃው አጠገብ ቆሟል። በማንኪያ ከለካች በኋላ ከድና ወደ ቁም ሣጥኑ እንደ መለሰችው ደኅና አድርጋ ታስታውሳለች። ወደ ባሏ ዞረች።

"እኔን አትዪኝ" አለ እጆቹን አንሥቶ። "ቆንጥረሽ ስትጨምሪ ግን አይቻለሁ። ሁለቴ። መጽሐፉ ያዘዘሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ሻለቃዋ ጣቶቿን ተመለከተች። በዕድሜዋ ሁሉ ያለ እነርሱ ቁንጥር ከእሳት የወረደ ድስት የለም። ዛሬም እጇ ሳያስፈቅዳት የለመደውን ሠርቶ ኖሯል።

"አየሽ?" አለች ታናሺቱ። "የኔንም ድስት ሁሉ እንዲህ ነበር የምታደርጊው። እልጣለሁ፣ እከትፋለሁ፣ ቆሜ አማስላለሁ፤ ልክ ሊወርድ ሲል 'ዞር በይ!' ብለሽ ጨዉን አንቺ ትቆነጥሪያለሽ። አግብቼ ከዚህ ቤት እስክወጣ ድረስ አንድ ድስት እንኳ በራሴ ጨው አውርጄ አላውቅም። ባሌ ስንት ቀን ያረረና የጎመዘዘ እንደበላ ታውቂያለሽ?"

"እሱስ ፊቱ ላይ ይታያል" አለ ልብስ ሰፊው።

"አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም ባንድነት።

ሻለቃዋ ወደ እህቷ ቀረበች። "እሳት መቀነስ ማን አሳየሽ? ቢላ አያያዝ ማን አሳየሽ? ጣትሽ ሲቆረጥ ጠቅልዬ የያዝኩት እኔ አይደለሁም?"

"አንቺ ነሽ።"

"ታዲያ ለምን አልተጻፈም?"

"ተናድጄ ነዋ የጻፍኩት!"

"እኔም ተናድጃለሁ!"

"ተናደጂ! የተከለከልሽ አለ?"

የሚባለው ሁሉ ተባለ። ሻለቃዋ ድስቱን አንሥታ ሾርባውን ደፋች፤ ከሚገባውም በላይ እየፈተገች አጠበችው። ቁጣዋ አልበረደም፤ የሚወርድበት ስፍራ ስላጣ እንዲያውም ባሰበት። የመግቢያው ዓረፍተ ነገር አሁንም ውሸት ነው ትላለች፤ ግን ሙሉ ውሸት ነው ለማለት አፏ እንቢ አላት። ድስቱን አድርቃ በእህቷ ፊት አስቀመጠችው።

"አብስዪ። ከመጽሐፉ እያነበብሽ።"

"አንቺስ?"

"እዚህ ከቆምኩ እጄን አላምነውም።"

ከማእድ ቤቱ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ሳበችና በሳሎኑ ወንበር ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ባሏም ከጎኗ ተቀመጠ። የታናሺቱ ቢላ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ሲከትፍ ተሰማት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ዘይቱ ተንጫጫ። የነጭ ሽንኩርቱ መዓዛ ጣፍጦ መጣ፤ ቆየና ደግሞ ጠርዙ መረር አለ። ጥቂት ከቆየ እንደሚያርር አፍንጫዋ አልሳተውም፤ ሳታውቀውም ከወንበሩ ተነሣች።

ባሏም ተነሣ። "ሊያርርባት ነው፤ ልንገራት?"

ሻለቃዋ እጅጌውን ጨብጣ ወደ ታች ጎተተችው።

"ተቀመጥ!" አለችው ጥርሷን ነክሳ። "ድስቱ የእሷ ነው።"

እርሷም መልሳ ተቀመጠች።