ጎህ ሲቀድ የሚመለሰው ፋይል

ፊርዶስ የክሊኒኩን የሰርቨር ክፍል ከፍታ ገባች። ትናንት ከሥራ ስትወጣ ያስተካከለችው ነገር ዛሬም ተበላሽቶ ጠበቃት።

ነገሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። አዲሱ ሰርቨርና በላዩ ያለው ፕሮግራም ስድሳ አራት ቢት ናቸው። ፕሮግራሙን መረጃው ከሚቀመጥበት ዳታቤዝ ጋር የሚያነጋግረው፣ ላይብረሪ የሚባለው ፋይልም ስድሳ አራት ካልሆነ አይግባቡም፤ የላቦራቶሪ ውጤትም ሐኪሞቹ ጋ አይደርስም። ፊርዶስ የድሮውን ሠላሳ ሁለት ቢት አውጥታ ትክክለኛውን ታስገባለች። ሲነጋ ያ የድሮው ተመልሶ ቦታው ላይ ጉብ ብሏል። ቁልፉ ያለው ደግሞ እሷ ጋ ብቻ ነው። ድሮ ሌላ ቁልፍ ነበረ፤ ሥራውን ያስተማራት የወንድሟ የተማም። ተማም ከሞተ ግን ዓመት ሊሞላው ነው።

"አቦ፣ እኔስ ነግሬሻለሁ" አሉ ሁሉም አዴር፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ዘበኛው ዱዓሌ በሩ ላይ ቆመው። "ወንድምሽ ከዚህ ክፍል አልወጣም። ወላሂ፣ ቁርኣን ይቀራበት።"

"አዴር፣ አያስፈራሩኝ" አለች። ፈርታለች። ከፍርሃቱ የባሰው ግን እውነት በሆነ ብላ መመኘቷ ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት ወይዘሮ ይርገዱ ስለ ጂን የሚሰሙበት ጆሮ የላቸውም። "ነገም ካልሠራ ከአዲስ አበባ ሰው አስመጣለሁ፤ አንቺም እንግዲህ..." ብለው ቀሪውን ዋጡት። ቀሪው ለማንም ግልጽ ነው።

ምሳ ሳትበላ ሰርቨሩን ስትበረብር ዋለች። ከቀትር በኋላ አገኘችው፤ በየንጋቱ በራሱ የሚነሳ ትንሽ ትእዛዝ ነው። ላይብረሪው ተነክቶ ካገኘው የድሮውን ይመልሳል። የጻፈው ተማም ነው፤ ስሙንም "ለፊርዶስ" ብሎታል። ወደ አዲሱ ሰርቨር ያመጣችው ራሷ ናት፤ የወንድሟን አንዲት ፋይል መጣል አንጀቷ እምቢ ብሏት ሁሉንም እንዳለ ገልብጣው ነበር።

ለካ በጀማሪነቷ ስትነካካ ያበላሸችው ሁሉ ጠዋት ደህና ሆኖ ይጠብቃት የነበረው በዚህ ነው! እሷ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብላ ትኮራ ነበር።

"አንተ ሞኝ" አለችው ጮክ ብላ። ጣቷ ሰርዝ የሚለው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰረዘችው፤ ላይብረሪውንም ቀየረች።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ውጤቶቹ ወደ ሐኪሞቹ መሄድ ጀመሩ። ወይዘሮ ይርገዱ ከኮሪደሩ "ተመስገን!" ሲሉ ሰማች። ፊርዶስ ፋይሉን ፈልጋ አየችው። ስድሳ አራት ነው፤ እሷ እንዳስቀመጠችው ነው።

ማንም አልነካውም። ወንድሟ መሞቱ ያኔ ገባት።