የእጅጌው መስመር

ካውያ መያዝ ማንን ያቅተዋል? እንዲህ ባይ ነበርኩ እኔ። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስሰፋ ሥራው ሁሉ ያለው መኪናው ላይ ይመስለኝ ነበር። መተኮስ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፣ ከቤት ከመውጣት በፊት ፀጉር እንደማበጠር።

የባሌ ታላቅ እህት በዚህ አይስማሙም። እትዬ ነው የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ችኩሊት ይሉኛል። በልብስ ስፌት ቤታችን እኔ ስሰፋ እሳቸው ይተኩሱ ነበር። አንዲት ስፌት በጨረስኩ ቁጥር ጨርቁን ከእጄ ወስደው፣ ተኩሰው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ነው የሚመልሱልኝ። አንድ ቀን ሥራ ተከምሮ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲነጫነጭ ደም ስሬ ተነሳና "እኔ እሠራለሁ፣ እርስዎ እጅዎን ይሞቃሉ" አልኳቸው። በሰው ፊት። ካውያውን ነቀሉ፣ ገመዱን ጠቀለሉ፣ ወጡ። ስድስት ዓመት አለፈው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተያየነው ባሌ የተቀበረ ዕለት ብቻ ነበር።

በኋላ ልጄ ሥራ ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ሁለት ቀን ቀራት። ከአባቷ ሸሚዞች የአልጋ ልብስ እንድሠራላት ለመነችኝ።

"እማዬ፣ እዚያ ማንንም አላውቅም። አባዬን ለብሼ ልተኛ" አለች።

አንጀቴን በላችው። ሸሚዞቹን አንድም ሳላስቀር ቆራርጬ ገጣጠምኳቸው። መሃሉ ላይ ነጩን አደረግኩ፣ ባሌ የሠርጋችን ቀን ብቻ የለበሰውን። ከዚያ ሸሚዝ ሳይበልዝ የተረፈው አንድ እጅጌ ነበር። እጅጌውን ከፍቼ፣ እንዲያምር ብዬ፣ በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ቆረጥኩበት። እንዲህ ሲሆን ታዲያ አራቱም ጠርዝ ከክሩ አቅጣጫ አጋድሞ የተቆረጠ፣ ሰያፍ ቁርጥ ነው። ሰያፍ ቁርጥ ደግሞ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። እኔም አውቃለሁ።

ግን ድሮ በካውያ የወጣው የእጅጌው መስመር ነጩን ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ይታያል። እልህ ያዘኝ። ውሃ ነሰነስኩ፣ በእንፋሎት ቀቀልኩት፣ ካውያውን ወዲያ ወዲህ እየጎተትኩ ፈተግኩት። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ጨርቁ ግን አደገ። ዙሪያውን ካሉት ቁራጮች ጋር ስሰፋው መሃሉ እንደ ሕመምተኛ ጉንጭ አብጦ ቁጭ አለ። ሌላ እጅጌ የለም። ልጄ ሌላ አባትም የላትም።

እጇን አሳረፈችበትና "ይሁን እማዬ፣ ማን ያየዋል" አለች። ድምጿ ግን ሌላ ነበር። በነጋታው ጠዋት ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጨርቁን በብብቴ ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ።

በሩን ከፍተው ፊት ለፊቴ ቆመው "ማነው?" አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። የያዝኩት ተስፋ ሁሉ እዚያው በር ላይ ረገፈ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ከዚያ "ችኩሊት! ምን አበላሸሽ?" አሉኝ።

ገብተን ሲቀመጡ ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁት። በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፣ እብጠቱ ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ጎትተሽዋል።"

"አዎ።"

"ወለል ነው እንዴ የምትወለውዪው?"

"ይስተካከላል?"

"ዝም በይና የነጩን ስፌት ፍቺው።"

ፈታሁት። ጠረጴዛቸው ላይ ብርድ ልብስ አጠፉ፣ ነጩን ዘረጉበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑት። መዳፋቸውን ግራና ቀኝ አድርገው ሳይስቡ ወደ ውስጥ ሰበሰቡት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስጠጉ ቀስ ብለው። ከዚያ ካውያውን ቀጥ አድርገው አወረዱ፣ ቆሙ፣ ቀጥ አድርገው አነሱ። አጠገቡ አወረዱ፣ አነሱ። አንዴም አልጎተቱም። ጆሯቸውን አዘንብለው የውሃውን ድምፅ ነበር የሚያዳምጡት፤ ቸስ ማለቱን ሲያቆም ያነሳሉ። የጨርቁ እብጠት ዓይኔ እያየ ወደ ራሱ ገባ። ማመን አቅቶኝ ቀስ ብዬ ሜትር አወጣሁና ለካሁ። አራቱም ጎን እኩል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"ሜትሩን አስቀምጪው፤ ይሰማኛል" አሉ።

በእጄ ሰፋሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል። የስፌቱን ትርፍ ጨርቅ ግራና ቀኝ ልከፍተው ስል "ተይ!" ብለው እጄን መቱኝ። "እንደተሰፋ ተኝቶ ይተኮስ መጀመሪያ። ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይግባ።" ተኮሱት። ከዚያ ከፍተው በካውያው አፍንጫ አንዴ ጫን አሉና ወዲያው አንድ የተወለወለ እንጨት አስቀመጡበት። ስፌቱ እንደተጫነ እንዲበርድ ሁለታችንም እጃችንን እንጨቱ ላይ አድርገን ቆምን።

"እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩት ነገር…"

"አሁን ካነሳሽው ይመለሳል። ይቀዝቅዝ።"

እንጨቱ ሲነሳ ሁለቱ ጨርቆች ከአንድ ሸማኔ እጅ አብረው የወጡ ይመስሉ ነበር። መገጣጠሚያው ላይ ጣቴን አስኬድኩ፤ ጣቴ ምንም አላገኘም። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ በየደንበኛው ጀርባ ላይ የላክሁት ግማሽ ሥራ ኖሯል።

አራተኛውን ጎን ሲጨርሱ የእትዬ ጣት ነጩ መሃል ላይ ቆመ።

"ይህቺ የኔ ናት" አሉ።

"ምኗ?"

"መስመሯ። የሠርጋችሁ ዕለት ጠዋት ነው የተኮስኳት። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ 'ቶሎ በይ፣ ትሄድብኛለች' ይለኛል። አንቺን ነው እኮ። ቀኑን እንድትቆምለት ብዬ በአቼቶ ውሃ አጠነከርኳት።" ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "የምትለቀውም በአቼቶ ነው። ኩሽና አለ። ላጥፋት?"

ያን ሁሉ እልህ የተጋባሁት ከዚህች ጋር ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የኔን ሙሽራ ክንድ ይዛ ከቆመች መስመር ጋር። እንባዬ ቀደመኝ።

"አይንኳት" አልኩ። "አጥፍቼብዎታለሁ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

እጄን ይዘው በመስመሯ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

ልጄ የምትሄድ ዕለት እትዬን ቤት አመጣኋቸው። እኔና ልጄ የአልጋ ልብሱን ግራና ቀኝ ይዘን ልናጥፈው ስንቀራረብ፣ ማንም ሳይነካው መሃሉ ላይ በመስመሯ ታጠፈ። ልጄ ደንግጣ መልሳ አልጋው ላይ ዘረጋችው።

"ይሄ ምንድን ነው፣ አክስቴ?"

"አባትሽ ክንዱን ያስገባበት ነው።"

ልጄ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን መስመሯ ላይ አጋደመች። የሚወስዳት መኪና ውጭ ጡሩንባውን ይነፋል። ማናችንም አላቻኮልናትም፣ እኔም እንኳ።