ከሞተሩ ያልወረደው ሰው

ጀላል አጭር ሰው ነበር። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲክደው ኖሯል። ፎቶ ሲነሳ ደረጃ ፈልጎ ይቆማል፤ ስብሰባ ሲጠራ ከሁሉ በፊት ሄዶ ይቀመጣል። የግብርና መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርና ከደሴ እየተነሳ ቢስቲማንም ሐርቡንም በበቅሎ ነው ያካለለው። በቅሎ ላይ ሲወጣ አንገቱ ይቃናል፣ ድምፁ ሳይቀር ይወፍራል። ቁመቱ ትዝ የሚለው ወርዶ መሬት ሲረግጥ ነበር።

ታዲያ አላህ ሊፈትነው ሲፈልግ የወደዳት ሴት ረጅም ሆነች። ጣይባ ትባላለች፤ ከሐርቡ ወዲያ ባለች መንደር የሚያሰግዱት የሼህ ኑርሁሴን ልጅ ናት። አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች፣ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት። የአባቷን ከብቶች ሊከትብ የሄደ ዕለት ወንዶቹን ሁሉ ያስቸገረውን ኮርማ ቀንዱን ጨምድዳ ይዛ፣ "በል ውጋው እንጂ! እኔን ምን ታየኛለህ?" አለችው። የጀላል ነገር እዚያው አበቃ።

ሽማግሌ ላከ። ሼህ ኑርሁሴን እሺም እንቢም አላሉም። "ሰውዬውን ለብቻው ልየው፤ የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ብቅ ይበል" ብለው መለሱ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ይህን ሲሰሙ፣ "አብሽር ጀላል፣ ለኒካህ ቀን መሰላል አዋጥተን እንገዛልሃለን" አሉት። አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ሞተር ሳይክሎቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ካድሬው በስብሰባ ላይ ተነስቶ በቅሎ የፊውዳል ቅሪት መሆኗን ካስረዳ በኋላ፣ የመስክ ሠራተኛ ሁሉ ኮምቦልቻ መጋዘን እየሄደ ሞተር እንዲረከብ ተወሰነ። በቅሎዋ ይህን ሁሉ ስድብ ሰምታ ዝም አለች። ጀላል ከደሴ ሲደርስ ሌሎቹ ቀድመውት ኖሮ ሁለት ሞተር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አንዷ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ አንዷ ሰማያዊ፣ ደረቷን ነፍታ የቆመች ረጅም።

ጀላል በሕይወቱ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ግን ሰኞ ገበያ በቅሎ ሲገዛ እንደሚያደርገው ሁለቱንም ዞሮ ዞሮ አየ፤ ከኋላ ሄዶ መታ መታ አደረገ፣ ፊት ዞሮ ደረቷን ለካ። ጥርሷን ፈልቅቆ ለማየት ምንም አልቀረውም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ደምመላሽ በሞተር ላይ ያረጀ ሰው ነበር። ጀላልን ከእግር እስከ ራሱ ቃኝቶ፣ ሳያስቀይም ሊነግረው ሞከረ።

"ቀይዋን ውሰድ ጓድ ጀላል። ሰው ከሞተር የሚወድቀው ሲሄድ አይደለም፣ ሲቆም ነው። ሁለቱም እግርህ መሬት ሊነካ ይገባል።"

"እኔ በቅሎ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ።"

"በቅሎ ራሷ ትቆምልሃለች ወንድሜ። ይቺን ግን የምታቆማት አንተ ነህ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም?"

ጀላል ቀይዋን አየት አደረጋት። በእሷ ላይ ቁጭ ብሎ የሼህ ኑርሁሴን ደጅ ሲደርስ ታየው፤ ጣይባ በሩ ላይ ቆማ አናቱን ከላይ ስታየው ታየው። "ይህቺማ የሴት ናት" አለና ለሰማያዊዋ ፈረመ። ደምመላሽም የፈረመን ሰው አይከራከርም፤ ቁልፉን ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኮምቦልቻ ያሉ ሜዳዎች ይመስክሩ። ደምመላሽ በደግነቱ አስተማረው፤ ጀላልም ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ ሚዛኑን ቶሎ ያዘ። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለው፤ መቆም። ሲቆም የጫማው ጫፍ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሞተሯም ወደ አንድ ጎን ጋደል ትልና እሱን ከነክብሩ መሬት ላይ ትዘረግፈዋለች። በመጨረሻ ዘዴ አገኘ። ከድንጋይ ወይም ከግንብ አጠገብ ብቻ እግሩን አሳርፎ ይቆማል፤ ከድንጋይ ላይ ተነስቶ ይወጣል። የሚሄድበትን መንገድ ድንጋይ ሁሉ ማጥናት ጀመረ።

ደምመላሽ ይህን አይቶ፣ "ቀይዋ እኮ አሁንም አለች። ና፣ ይቺን መልስና ውሰዳት" አለው። መመለስ! ባልደረቦቹ ምን ይሉታል? ጀላል ከሚመልስ ቢሰበር ይመርጥ ነበር።

ደሴ ላይማ ጉድ ነው። ሰኞ ገበያ ሰው እንደ ጤፍ የፈሰሰበት ስለሆነ በየእርምጃው ቁም ሂድ ያሰኛል። ስለዚህ ሞተሯን ገበያው ዳር ላይ አጥፍቶ እየገፋ ያልፋል። "ምነው?" ሲሉት፣ "ነዳጅ አልቆብኝ" ይላል። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ይህን የማያምን የለም። እንዲያውም ባለሱቆቹ ያዝኑለታል፣ አንዳንዱም ያግዘዋል። እሱ ግን በላብ ተጠምቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ሲያግዘው የባሰውን እያፈረ ይገፋል።

ሐሙስ ደረሰ። ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ኮፍያውን አጠበቀ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ቀስ ብሎ ወረደ፣ ኮምቦልቻን አለፈ። ሐርቡ ላይ አስፋልቱን ትቶ ወደ መንደሩ የሚወስደውን ጠባብ የአፈር መንገድ ያዘ። መንገዱ ግራና ቀኙ የቁልቋል አጥር ነው። ሲነዳ ልቡ ሞልቶ ነበር። ነፋሱ ሸሚዙን እየነፋው፣ ከአጥሩ በላይ ማሽላው ሁሉ እየታየው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ሰው ሆነ። የሼሁን ግቢ ድንጋይ ያውቀዋል፤ እዚያ ይቆማል፣ በክብር ይወርዳል፣ አለቀ።

ጥምዝ ላይ ሲደርስ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ሰማ። ዞር እንዳለ ጀናዛ ፊት ለፊቱ መጣ።

በዚያ አገር ጀናዛ ሲመጣ የተቀመጠ ይነሳል፣ በበቅሎ ያለ ይወርዳል፤ ወርዶም ትከሻውን ያውሳል፣ ጥቂት ሸኝቶ ይመለሳል። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ለጠላቱ ጀናዛ ይወርዳል። ጀላል ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይወርድ አልፎ አያውቅም። አሁንም ሊወርድ ፈለገ። ዓይኑ በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ ፈለገ። ቁልቋል ብቻ። ቢቆም ከነሞተሩ ተሸካሚዎቹ ላይ ሊወድቅ ነው፣ ጀናዛውም ሊወድቅ ነው። እጁ ከድንጋጤው ጥሩምባውን ተጫነ፤ ከተጫነም በኋላ አለቅም አለ።

እናም ጀላል በሰማያዊ ሞተር ላይ ደረቱን ነፍቶ፣ ጥሩምባውን እያንባረቀ፣ በጀናዛ መሃል አለፈ። ሰው ሁሉ ወደ ቁልቋሉ ተጣበቀ፣ እሾህ የወጋው ጮኸ፣ ቃሬዛው ተንገዳገደ። ከፊት የሚመሩት ሼህ ኑርሁሴን ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ሞተሯ ወሰደችው፤ ከታች ያለው ወንዝ አሸዋ ላይ እስክትጥለው ድረስ አልቆመችም።

አሸዋው ላይ ተቀምጦ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ብቻውን "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" አለ። ሌላ መንገድ ቢኖር በዚያው ወደ ደሴ በጠፋ ነበር። ግን ሐዘንተኛው ቀብሮ በዚያው መንገድ ሲመለስ በመሃሉ ሸሽቶ ማለፍ የባሰ ያዋርዳል። ስለዚህ ሞተሯን እየገፋ ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደ። እግራቸው ላይ ወድቆ እውነቱን ሊናገር ቆርጦ ነበር።

የሞተችው የአብዱልወሀብ እናት ነች፤ አብዱልወሀብ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር ነው። ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጀላል ሞተሯን ከበሩ ላይ አስደግፎ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ሲገባ ሰላምታውን የመለሰለት ጥቂት ነው። አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ። አፉን ሊከፍት ሲል ሼህ ኑርሁሴን ቀደሙት።

"ፍሬኑ ተበጥሶበት ነው" አሉ ለሰዉ ሁሉ። "እኔ አይቼዋለሁ። በአላህ ቀደር ነው ሰው ያልገደለው። ተቀመጥ ልጄ።"

ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ተንፈስ አለ። "አልሐምዱ ሊላህ!" "እንኳን አተረፈህ!" አሉት። ሼህ ኑርሁሴን በሐሰት አይታወቁም፤ በርበሬ ነጭ ነው ቢሉ የመንደሩ ሰው የራሱን ዓይን ይጠራጠራል። ጀላል ተቀመጠ። ሊናገር የመጣውን እውነት ሳይናገር ቀረ።

ያኔ አብዱልወሀብ ተነሳ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። "እናቴ እንግዳ ተቸግሮ ከደጇ ሲመለስ አትወድም ነበር" አለ። "ልሥራለት።" ሰው "ተው፣ አንተ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ" ቢለው አልሰማም። በሩ ላይ ሄዶ አጎነበሰ፤ የእጁን ፍሬን ጨበጠ፣ የእግሩን ረገጠ፣ ሞተሯን ወደፊት ገፋ አድርጎ ደግሞ ሞከረ።

"ፍሬኑ ደህና ነው እኮ!" አለ ቀና ብሎ።

የሰዉ ሁሉ ዓይን ወደ ሼህ ኑርሁሴን ዞረ። ሼሁ በእጃቸው የሚቆጥሩት ሙስበሃ ቆመ። ጀላል እንዴት እንደተነሳ አያውቀውም።

"ሼህዬ አልዋሹም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለ። "ሳልፍ 'ፍሬን የለኝም' ብዬ ጮኼባቸዋለሁ፤ ከፊት ስለነበሩ የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። እውነት መስሏቸው ነው የተናገሩልኝ። ፍሬኔ ደህና ነው። እኔ ነኝ መቆም የማልችለው። እግሬ መሬት አይደርስም። የምትሆነኝ አጭር ሞተር ነበረች፤ እሷ ላይ መታየት አፈርኩና ይቺን ወሰድኩ።"

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳቋን አፍና አሳለች። ቅድም ፊታቸውን ያዞሩት ሽማግሌ፣ "ለጀናዛ አለመውረዱ ሳያንስ ሐሰት!" አሉ። አብዱልወሀብ እጁን ልብሱ ላይ ጠረገና ጀርባውን ሰጥቶት ገባ። ሼህ ኑርሁሴን ምንም አላሉም። ጀላል ጠበቃቸው። ምን እንደጠበቀ እሱም አያውቅም። ከዚያ ይቅርታ ለምኖ ወጣ።

ሞተሯን ትንሽ እንደገፋ ከኋላው የዘንግ ድምፅ ሰማ።

"ቁም እስቲ ጀላል" አሉ ሼህ ኑርሁሴን። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "አንተ መቼ ነው 'ፍሬን የለኝም' ያልከው?"

"አላልኩም ሼህዬ። እርስዎን ሰው ፊት…"

"አውቃለሁ። አንተን ላድን ብዬ አንዲት ቃል ወረወርኩ። እሷን አላህ ይምረኝ ይሆናል። አንተ ስትነሳ ግን 'የለም፣ እኔ ነኝ' ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሳ ነበር፣ ወላሂ። ነገ ይህ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ይሰግዳል፣ ምን ይለኛል አልኩና ዋጥኳት። ሰዉ ባያውቅ አንተ ታውቀኛለህ፤ ሰባ ዓመት የኖርኩበትን ስም ዛሬ በአንተ ሸፈንኩት።"

"ኧረ ሼህዬ፣ እንዲህ አይበሉ!"

"ዛሬ ልጄን ልሰጥህ ወስኜ ነው ያደርኩት። እሷም ትፈልግሃለች፤ አልደበቀችኝም።"

ጀላል ቀና አለ። ሽማግሌው ግን አያዩትም፤ መሬት መሬት ያያሉ።

"አልችልም ልጄ። አማቼ ሆነህ በየዒዱ ፊቴ ትቀመጣለህ። አንተ ምንም አትልም፣ ጨዋ ነህ። እኔ ባየሁህ ቁጥር ግን የዛሬዋን ዝምታዬን ነው የማየው። ነውሬን ቤቴ አስገብቼ መኖር አልችልም። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ጀላል ሊለምን ፈለገ፣ ሊቆጣም ፈለገ። የሽማግሌውን ያጎነበሰ አንገት አየና አፈረ፤ ቅድም ሰው ሁሉ ፊት ካፈረው የበለጠ እዚህ፣ ማንም በሌለበት አፈረ። "አፉ ብያለሁ ሼህዬ" አለ።

ሊሄድ ግራ ቀኙን ተመለከተ። በዚያ ቦታ አንድም የሚወጣበት ድንጋይ የለም። ሼህ ኑርሁሴን ነገሩ ገባቸው። ዘንጋቸውን ጣሉና የሞተሯን መቀመጫ ከኋላ በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙ።

"ውጣ፤ ይዤልሃለሁ።"

የአባቱ እኩያ ለእሱ እርካብ ሊይዝ! እንቢ ቢላቸው ደግሞ ሌላ ውርደት ይጨምርባቸዋል። ወጣ። የሽማግሌው ክንድ ክብደቱን ሲሸከም በመቀመጫው ውስጥ ተሰማው። ሞተሯ ተነሳች፣ እጃቸው ለቀቀው፣ መንገዱ ወሰደው።

ሼሁ እዚያው ቆመው እንደሆነ፣ ከአጥሩ ሥር ጣይባ ወጥታ እንደሆነ ማየት ፈለገ። ነገር ግን እየነዱ ዞር ማለትን ገና አልተማረም ነበር፤ አንገቱን ቢያዞር ይወድቃል። ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ሄደ።