የተገለበጠው ሪፖርት

የአደጋው ምክንያት የተወሰነው በሦስተኛው ቀን ነው። ጥቁሩ ሳጥን ገና አልተከፈተም፤ ረዳት አብራሪው ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ስብርባሪው እወደቀበት ቦታ ላይ ዝናብ ይወርድበታል። አለቃዬ ግን ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ «የአብራሪ ስህተት ብለሽ ጀምሪ» አለኝ። ጀመርኩ።

ያን ጊዜ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ የደህንነት መምሪያ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ የመምሪያው ኃላፊ ነው። ፊቱ ስቆም «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አያስገድደኝም። ማኮብኮቢያዎችን አስመርምሮ «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። ብቁ ነው ባለው ማኮብኮቢያ ላይ ሰው ሲሞት ደግሞ የመርማሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ ጥፋተኛውን የሚፈልገው እሱ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ራሱን ጥፋተኛ ሆኖ አላገኘውም። ደብዳቤ በገባለት ቁጥር ግርጌው ላይ «ታይቷል» ብሎ ጽፎ ወደ መዝገብ ቤት ስለሚልክ፣ ከኋላው «ጋሽ ታይቷል» እንለው ነበር።

አደጋው የደረሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትጭን ትንሽ አውሮፕላን በዝናብ አርፋ መቆም አቃታት። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ስልሳ ሜትር አለፍ ብሎ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ አለ፤ አፉ ክፍት፣ ግድግዳው ኮንክሪት። አፍንጫዋ እዚያ ውስጥ ገባ። አብራሪውና ከፊት ወንበር ላይ የነበረች አንዲት ነርስ ሞቱ። የቀሩት ተጎድተው ተረፉ።

ኮሚቴው አምስት አባላት ነበሩት። አራቱ ሰብሳቢው ሲስቅ የሚስቁ፣ ሲያዝን የሚያዝኑ ናቸው። አምስተኛው ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ መርማሪ የሆነ፣ «መፍቻው» የምንለው ዝምተኛ ሰው ነበር። አራቱ ስለ ውሎ አበል ሲነጋገሩ እሱ ቦት ጫማውን አጥልቆ ወደ ቦታው ሄደ። ማኮብኮቢያው ላይ ተንበርክኮ ለካ። አውሮፕላኗ መሬት የነካችው አምስት መቶኛው ሜትር ላይ፣ መንካት ባለባት ቦታ ነው። ጎማዎቹ የተዉት ምልክት ጥቁር ሳይሆን ነጭ ነው፤ ይህ ማለት፣ ሲያስረዳን እንደነገረን፣ ጎማው አስፋልቱን አልጨበጠም፤ በተኛው ውሃ ላይ ተንሳፎ ሄደ። ፍሬን ቢይዙት ምን ይይዛል? የአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ አስኪያጅም ማኮብኮቢያው ውሃ እንደሚያቁር፣ ቦዩም እንዲከደን ሦስት ጊዜ ለመምሪያችን መጻፉን ነገረው።

መፍቻው ይህን ሁሉ ጽፎ አቀረበ። አለቃዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመምሪያው ደርሶ አያውቅም አለ። አራቱም አልደረሰም አሉ። መፍቻው የጻፈው ዘጠኝ ገጽ ወጣና ቅርጫት ገባ።

በምትኩ የገባውን እኔ አውቃለሁ፤ የጻፈው የእኔ ጣት ነው። አለቃዬ ከስድስት ዓመት በፊት ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የደረሰ አደጋ ሪፖርት አመጣልኝ። ሽፋኑ ላይ በገዛ እጁ «ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን ቁጥርና ገጽ ሁለት ላይ ያለውን የማረፊያውን መግለጫ ቀይሪ፣ ሌላው እንዳለ ይሁን» ብሎበታል። እንዳለ አደረግኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ርቀቶቹ የሌላ ቦታ መሆናቸው አልጠፋኝም። ምን አገባኝ ብዬ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

በደንቡ መሠረት ረቂቁ ለሟች ቤተሰቦች ይላካል፤ አስተያየት ካላቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቀርባሉ። ለአለቃዬ ይህ ከፖስታ ወጪ የማያልፍ ጣጣ ነበር። ሐዘንተኛ ያለቅሳል እንጂ ሠንጠረዥ አያነብም ባይ ነው። የአብራሪው እናት ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ማስተማራቸውን አላጣራም። ምን አጣርቶ ያውቃል?

ማክሰኞ ዕለት መጡ። ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ፣ ረቂቁን በፕላስቲክ ክላሰር የያዙ ሴትዮ። አለቃዬ ሐዘኑን ከአንገት በላይ ገለጸላቸውና ወንበር ሰጣቸው። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እኔ፣ ለሥርዓቱ ያህል ደግሞ መፍቻው ተጠራን። እናትየው ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል፤ የተሳሳተ ፊደል ሳይቀር።

«ገጽ አምስት ላይ» አሉ፣ «ዘጠኝ መቶኛው ሜትር ላይ መሬት ነካ፣ ከዚያ ሰባት መቶ ሜትር ተንሸራተተ ይላል። ስንት ይመጣል?»

አለቃዬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰነፍ ተማሪ ይመስል ነበር።

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ» ብለው ራሳቸው መለሱ። «ማኮብኮቢያው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ገጽ ሁለት ላይ እናንተው ጽፋችኋል። በእናንተ ሂሳብ ልጄ ሦስት መቶ ሜትር ተርፎት በሰላም ቆሟል። ታዲያ እኔ የቀበርኩት ማንን ነው?»

መፍቻው አንገቱን ደፋ። አለቃዬ ግን አፍ አላጣም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «የትየባ ስህተት ነው፤ የጸሐፊዋ ጥፋት ነው» አለ።

ለሁለት ሰው ሞት የሞተው አብራሪ አልበቃውም፤ በሕይወት ያለች ጸሐፊ ጨመረበት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ ወደ ቁም ሳጥኔ ሄድኩ፣ የድሮውን ሪፖርት አወጣሁና እናትየው ፊት አስቀመጥኩት። ጽድቅ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ በእኔ ስለተላከከ ነው። እንግዲህ እኔም ከእሱ ብዙ አልሻልም ነበር።

እናትየው ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ገለጥ ገለጥ አድርገው ገጽ አምስትን አገኙት፤ ዘጠኝ መቶ፣ ሰባት መቶ። አልጮኹም። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ኮፒ ይደረግልኝ» አሉኝ። አለቃዬ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ መሆኑን ሊያስረዳ ሲጀምር መፍቻው ፋይሉን አንስቶ ኮፒ ማሽኑ ዘንድ ደርሶ ነበር።

በሳምንቱ ቅጣቱ መጣ። መፍቻው ያረጁ መለዋወጫዎች የሚከማቹበት መጋዘን ተላከ፤ ዝገት ይቁጠር ተብሎ። እኔን መዝገብ ቤት ወረወሩኝ። የሰውየውን ብልጠት ተመልከቱ፤ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም ብሎ የካደ ሰው፣ የካደው ደብዳቤ ወዳለበት ክፍል ቁልፍ ሰጥቶ ሰደደኝ። አሥር ቀን አልፈጀብኝም። ሦስቱም አቧራ ለብሰው በቀን በቀናቸው ተሰድረዋል። ሦስቱም ላይ ውሃው፣ ቦዩ፣ «በአስቸኳይ» የሚል ቃል። ሦስቱም ግርጌ «ታይቷል»፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ኮፒዎቹን ለእናትየው አደረስኳቸው።

እሳቸው ደግሞ ያላንኳኩት በር አልነበረም። የሚልኩት ደብዳቤ አጭርና በቁጥር የተሞላ ስለነበረ እንደ ሌላው አቤቱታ ጆሮ ዳባ ልበስ ሊሉት አልቻሉም። ከአምስት ወር በኋላ ጉዳዩ ምክር ቤት ቀረበ፤ እኔና መፍቻው ምስክር ሆነን ሄድን። አንድ ሸምገል ያሉ ተወካይ አለቃዬን ማኮብኮቢያውን ማን መረመረው ብለው ጠየቁት፤ መምሪያችን አለ። ደብዳቤዎቹን ማን ተቀበለ? መምሪያችን። አደጋውንስ ማን መረመረ? መምሪያችን። ተወካዩ ድምፃቸውን ትንሽ ጠበቅ አድርገው፣ ራስዎን መርምረው ራስዎን ነጻ አወጡ ማለት ነዋ አሉት። «አሠራሩ ነው» ብሎ መለሰ። አዳራሹ ሳቀ። እሱ ለምን እንደሳቁ አልገባውም፤ ይህን ፊቱን ሳየው ነው የተረዳሁት። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከልቡ ነበር።

ሕጉ እስኪለወጥ አሥራ አራት ወር ፈጀ። የአደጋ ምርመራው ከመሥሪያ ቤታችን ተነጥሎ፣ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ብቻ የሆነ ቢሮ ተቋቋመለት። ቢሮ ማለቴ ለክብሩ ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ የማይዘጋ መስኮትና በሩ ቁልፍ የሌለው ሽንት ቤት። ግን ረቂቅ ወስዶ «አስተካክሉት» የሚል ሰው ከበላዩ የለም። መፍቻውን የምርመራ ኃላፊ አደረጉት፤ እኔንም ጠራኝ። የመጀመሪያ ሥራችን ያው አደጋ ሆነ፤ ከሀ ጀመርነው።

አዲሱ ሪፖርት ስለ ተኛው ውሃ፣ ስለ ክፍቱ ቦይ፣ መልስ ስላጡት ደብዳቤዎች ጻፈ። አብራሪው ስለ ውሃው ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ምንም እንዳልተነገረው ጻፈ። ነገር ግን ጥቁሩ ሳጥን ሌላም ነገር አወጣ፤ አብራሪው ሲያርፍ ፍጥነቱ ከሚገባው ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። መፍቻው ይህችን አረፍተ ነገር ይዞ ሁለት ቀን ተብሰለሰለ። እናትየው ያን ሁሉ ታግለው ይህን እንዴት ያነባሉ አለኝ። ብንሰርዛት ከዚያኛው ሪፖርት በምን እንለያለን አልኩት። አልሰረዝናትም፤ እሱ ራሱ ይዞላቸው ሄደ።

እቤታቸው ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት አለ። ፍጥነቱ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አውጥተው ደመሩ፣ ቀነሱ። ከዚያ፣ «ይሄኛው ልክ ነው» አሉና ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑት።

ክረምቱ ሳይገባ ቦዩ በወፍራም ኮንክሪት ተከደነ፣ ማኮብኮቢያው ውሃ እንዲያፈስ ተስተካከለ፣ አብራሪዎችም ከማማው የውሃውን ሁኔታ ሳይሰሙ እንዳያርፉ መመሪያ ወጣ። አለቃዬ አልታሰረም፤ አማካሪ ተብሎ ምንጣፍ ያለው ክፍል ገባ። ማን እንደሚያማክረው አላውቅም።

ሪፖርቱ ይፋ በሆነ ማግሥት ስልክ ደወለ። እኔ አነሣሁት። በአሥራ አንድ ዓመት ብሎኝ የማያውቀውን «እህቴ» አለኝ። ልጆቹም ስለሚያነቡት፣ ስሙ ወጥቶ «የሚመለከተው ክፍል» በሚል ይተካልኝ ብሎ ለመነ።

«ሪፖርቱ ውስጥ የማንም ስም የለም» አልኩት። «የምንጽፈው ሁለተኛ እንዳይደርስ ነው እንጂ ሰው ለመክሰስ አይደለም። አንብበውት ቢሆን ያውቁ ነበር።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባጭሩ የሚያስረዳው ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። አርባ ሁለት ገጽ ብቻ ነው ብዬው ስልኩን ዘጋሁት።