ያልጎደለው ኮዳ

ኮዳው ለምን አልጎደለም? አሰልጣኙ ወንዳወቅ ከሞተሩ ኋላ ተቀምጦ አንገቱን አስግጎ ደግሞ አየው። ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ሲነሱ በሶውን በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጦ የሞላው ራሱ ነው። ብስክሌተኛዋ ንጋት ቡሬ ደርሳ ተመልሳ፣ የመጀመሪያውን ዙር የክለብ ጓደኛዋን ሰብሊን ቀድማ ጨርሳለች። አሁን በሁለተኛው ዙር ማንኩሳን አልፋለች። ኮዳውን በየጊዜው ወደ አፏ ስታስጠጋም አይቷል።

«ይቺ ልጅ ግመል ናት መሰል» አለ ሞተሩን የሚነዳው አለበል።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ዳገቱ መሐል የብስክሌቱ የፊት ጎማ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ሰብሊ ዞር ብላ አየቻትና አልፋት ሄደች። ንጋት አንድ እግሯን መሬት አስነካች፤ ከዚያ ብስክሌቱን ለቃ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠች።

ወንዳወቅ ከሞተሩ ዘሎ ወርዶ ኮዳውን ከፈተ። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«አልጠጣሽም።»

«ጠጥቻለሁ።»

«ንጋት!»

ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ግንባሯ ላይ ላብ የለም፤ ጨው ብቻ ደርቋል። «ሁዳዴ አይደል፣ አሰልጣኝ» አለች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ወንዳወቅ ሀንጋሪ አገር አምስት ዓመት የተማረው የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት፣ ጉልበትን ለመጨረሻው ዳገት ማስተረፍ። እሱ ራሱ ዛሬ ጠዋት ዳቦ የበላው እናቱ እንዳታየው በሩን ዘግቶ ነው።

«የንስሐ አባትሽን አላስፈቀድሽም?»

«እሳቸውማ ፈቅደውልኝ ነበር። እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከቤት ከወጣ ዓመቱ፤ ድምፁን አልሰማንም። ይኸን ጾም ሰዓቱን ሳላጓድል ልጨርስ ተስያለሁ።»

«እኔን ለምን አታለልሽኝ?»

«ቢያውቁ ይጥሉኝ ነበራ።»

ልክ ናት። ለክልሉ የምርጫ ውድድር ከክለቡ የሚያልፈው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ዛሬውኑ ባሕር ዳር ላለው መራጭ መላክ አለበት። ውድድሩ ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጀመራል። ሰብሊ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አትወድቅም።

«ዓርብም እንዲሁ ልትነጂ ነው?»

«እነዳለሁ።»

«ትሞቻለሽ።»

ግንባሯ ላይ የደረቀውን ጨው በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እሑድ ቢሆን ኖሮ ከቅዳሴ መልስ እንደ ሰዉ እጠጣ ነበር» አለች።

«እሑድ ይጠጣል?»

«ኧረ አሰልጣኝ! ቅዳሜና እሑድ እኮ ሰዓት አይጠበቅም። ይኸንም ረስተውታል?»

አለበል ሳቁን ዋጠ። ወንዳወቅ ግን አልሳቀም፤ ደክሞታል። ልምምዱ ለእሷ እዚህ ላይ እንዳበቃ ነገራት።

«ጥላ ሥር ተቀመጪ። መኪና ለምነን እንጭንሻለን።»

ስልኩን አውጥቶ የሰብሊን ስም ጻፈ። አጠፋው። እንደገና ጀመረ፤ «ንጋትን መርጫለሁ። ከጠጣች የሚቀድማት የለም። በጾም ሰዓት ግን አትጠጣም። ውድድሩን ከዓርብ ወደ እሑድ ማዞር ይቻላል? ካልተቻለ ዓርብ አላስነዳትም።»

«ባሕር ዳሮች ላንድ ሰው ብለው ቀን ይቀይራሉ?» አለ አለበል።

«አይቀይሩ ይሆናል።»

ላከው። መልእክቱ መነበቡን ስልኩ ወዲያው አሳየ። ረቡዕ አለፈ፤ ሐሙስም አለፈ። ዓርብ ሦስት ሰዓት ሲሞላም መልስ አልመጣም፤ እሱም እንዳለው ንጋትን አላስነዳትም።