የቀማሿ ፊርማ

አያትየው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀመሱ፤ ጣጣው ሁሉ ከዚያ መጣ።

የሰፈሩ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ሳሙና አያረፋበት፣ ጥም አይቆርጥ፤ ይባስ ብሎ ሕፃናቱን በተቅማጥ ያረግፋል። የልጅ ልጃቸው ኬሚስት ናት። በኤሌክትሪክ ኃይል ጨዉን የሚያወጣ፣ ጀርሙንም የሚገድል መሣሪያ ለመሥራት ሦስት ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ከርማለች። ታዲያ ባለፈው ሰሞን ኃላፊዋ ከሰፈሩ ስድስት ሴቶች አስጠርቶ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸውና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ብርጭቆ አቀረበ። "የቱ ይጣፍጣል?" ነው ጥያቄው። ከስድስቱ አንዷ የሆኑት አያትየው የመጀመሪያውን ጎንጨት ሲሉ የክሎሪን ሽታ አፍንጫቸውን ሰነፈጠው። ሁለተኛው ግን የዝናብ ውሃ በሉት። "ይኼኛው!" ብለው መዝገቡ ላይ ፈረሙ። የቀሩትም እሳቸውን አይተው ፈረሙ።

በማግስቱ ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች።

"ምን ሆነሻል? አሞሻል? ከሰው ተጣልተሻል? ምሳ በልተሻል?" አያትየው ጥያቄ አንድ በአንድ መጠየቅ አያውቁበትም።

"ሁለተኛውን ምረጪ ማን አለሽ፣ እማማ?"

"አፌ ነዋ! ምን አጠፋሁ?"

ልጅቱ ጫማዋን እያወለቀች አስረዳቻቸው። መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ኤሌክትሪኩ በጨዋማው ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ጨዉ ራሱ ክሎሪን ይወጣዋል፤ ክሎሪኑ ጀርሙን ይፈጃል። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የቀረውን ጨው ስቦ ያወጣል። ኃላፊው ሽታው ይጥፋ ብሎ ቧንቧዎቹን አገላብጦ አስገጠመ። አሁን ጨዉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ውሃው ወደ ጀርም መግደያው ክፍል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

"ጨው ከሌለ ክሎሪኑ ከምን ይሠራል? ጀርሙ በእግሩ ገብቶ በእግሩ ይወጣል። 'ለጣዕም ሙከራ ብቻ ነው' ብሎኝ ነበር። በዚህ የወጣውን የእናንተን ሁለተኛ ብርጭቆ እንኳ እኔው ነኝ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ያቀረብኩት። አሁን ሐሙስ ለጤና ጣቢያው ሊለቀው ነው። 'ሕዝቡ መርጦታል' ይላል፤ ፊርማችሁን አያይዟል። ከሥሩ እኔ 'ለመጠጥ ደኅና ነው' ብዬ እንድፈርም ይፈልጋል። ካልፈረምሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ ብሎኛል።"

አያትየው መጀመሪያ ፈሩ። መፍራት ልማዳቸው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጣራውን፣ ዝናብ ሲቀር ጉድጓዱን ይፈራሉ። "ልጄ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል። ከአለቃ ጋር ግብግብ ምን ይረባሻል? ታመምኩ በይና ቅሪ። ሌላው ይፈርም።"

"ሌላው ይፈርም። የሚጠጣውስ የማን ልጅ ነው?"

አያትየው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ፍርሃታቸው ወደ ንዴት ዞሮ ነበር።

"ቆይ፣ እኔን ነው ምስክር የጠራው? በእኔ ምላስ? የጠየቀኝ እኮ ስለ ጣዕሙ ነው! ማር ይጣፍጣል ስላልኩ ንብ አይናደፍም አልኩ?"

ሲነጋ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ከልጅቱ ፊት ፊት እየቀደሙ ላቦራቶሪው ደረሱ። ዘበኛው "እማማ፣ ቀጠሮ አለዎት?" ቢላቸው፣ "ፊርማ አለኝ!" ብለው አለፉት።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው። "እማማ፣ እርስዎ እኮ ባለውለታችን ነዎት።" መዝገቡን ገልጦ አሳያቸው። "ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?"

"የእኔ ነው። ለጣዕሙ ነው የፈረምኩት። ጀርሙን በምላሴ እቆጥራለሁ ብዬሃለሁ?"

"አይጨነቁ። ይኸው፣ እኔ ራሴ ልጠጣው።" ከመሣሪያው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ግጥም አድርጎ ጠጣ። አፉን ጠረገ። "ታዲያ ምን ሆንኩ?"

የአያትየው ደም ፈላ። "የአንተ ሆድማ ድንጋይ ይፈጫል! እኔ የማወራህ ጥርስ ስላላበቀለ ልጅ ነው። የጎረምሳ አንጀት ለአራስ ልጅ ዋስ ይሆናል?"

"እማማ፣ ይህ የሳይንስ ጉዳይ ነው..."

"የሳይንስ ከሆነ ምነው ሳይንቲስቷን ትተህ እኔን ያስፈረምከኝ?"

አያትየው ከኃላፊው የደረት ኪስ እስክሪብቶውን መዘዝ አደረጉና፣ ከፊርማቸው ሥር ስድስተኛ ክፍል ድረስ በተማሩት የእጅ ጽሕፈት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጫኑ ጻፉ፦ "ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ ደኅንነቱ አልተጠየቅሁም። የተሰጠኝም የፈላ ውሃ ነው። ለሕፃናት እንዲሰጥ አልፈረምኩም።"

"መዝገብ ማበላሸት ያስጠይቃል!"

"አላበላሸሁም፤ ጨመርኩበት። ቅደደው እስቲ፣ ገጹ ቁጥር አለው!"

እውነት ነው፤ ገጹ ቁጥር ስላለው ቢቀደድ ይታወቃል። ልጅቱ ጠጋ አለችና እስክሪብቶውን ከአያቷ እጅ ተቀብላ፣ ከፈላው ሳይሆን ከቧንቧው በቀዳችው ውሃ ላይ የቆጠረችውን የጀርም ብዛት ከሥሩ አሰፈረች። ቀኑን ጻፈች። ፈረመች።

ኃላፊው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። "ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!"

የልጅቱ ደመወዝ፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሦስቱ የላቦራቶሪ ዓመታት ባንድ ጊዜ ለአያትየው ታዩዋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለአለቃ ሁሉ ሲሉት የኖሩት "ይቅርታ፣ ጌታዬ" ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣ። እንደ መራራ መድኃኒት መልሰው ዋጡት።

"ሰማሽው?" አሉ ወደ ልጅቱ ዞረው። "ከነገ ነው ያለው። ዛሬ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ምን ይገትርሻል? መፍቻሽን አምጪና ቧንቧውን ወደ ቦታው መልሺ!"

ልጅቱ መፍቻውን አነሣች። አያትየውም ወንበር ስበው በሩ ሥር ተቀመጡና መዝገቡን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጣብቀው፣ ኃላፊውን ቁልቁል እስከ ጫማው፣ ሽቅብ እስከ ፀጉሩ ገላመጡት።

"ና እስቲ ውሰደው!"