ከመደወል መክፈል

በያጁ ከሥራ ሲመለስ ልብስ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል። ድምፁን የሚቀዳበትን ፕሮግራም ከገዛ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ኮምፒውተሩ በየሳምንቱ «ከፍለው ወደ አዲሱ ያሳድጉ» ሲለው «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብሎ ያልፈዋል።

አንድ እሑድ የቀድሞ ጓደኛው ጊታር ተጫዋቹ አንድ ፋይል ላከለት። ሁለቱ አንድ ዘፈን በማን ስም ይውጣ ብለው ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከፋይሉ ጋር አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም። ሊከፍተው ቢሞክር በአዲሱ ፕሮግራም የተሠራ ነውና አሻፈረኝ አለው።

ሚስቱ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ስትገባ ነገሩን ነገራት።

«ደውልና በአሮጌው አድርገህ ላክልኝ በለው» አለችው።

«እኔ ነኝ የምደውለው?»

«ብትደውል ምላስህ አይቆረጥም።»

«ጆሮዬ ላይ ስልክ የዘጋው እሱ ነው። ለእኔ መክፈሉ ይቀለኛል።»

«ኩራት ይህን ያህል ውድ መሆኑን አላውቅም ነበር» ብላ ልብሱን መስቀል ጀመረች።

ከፈለ። ፋይሉ ሲከፈት ሁለት የድምፅ መቅጃ መስመር ብቻ ነበረው። በአንደኛው ጊታር ተቀድቷል፤ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ «ጎርናናው» የሚል ተጽፎበታል። በያጁን በዚህ ስም የሚጠራው ያ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ሚስቱ እስክትወጣ ጠብቆ ማይክሮፎኑን አስጠጋና ዘፈነበት፤ እሱም እንደ ጓደኛው አንዲት ቃል ሳይጽፍ መልሶ ላከው።

እስካሁን አልተደዋወሉም። ዘፈን ግን አራት አድርሰዋል።